ጨዋታው የት ነው?

ቁጭ በሉማ እንግዲህ። ጥላው ካልበቃን ተራ እየተለዋወጥን እንቀመጣለን። የማጫውታችሁ የኳስ ወሬ ነው፤ ማን አገባ ማን ሳተ ግን አይደለም። ከመስመሩ ውጭ ቆሞ ስለሚያየው ሰው ነው። ሰውን ኳስ ለማየት ከቤቱ የሚያስወጣው ምንድን ነው? የሚያስቀረውስ? እኔ ይህን ነገር ሳወጣ ሳወርድ የኖርኩት አዳሚ ቱሉ አስፋልት ዳር ቆሜ ነው።

አዳሚ ቱሉን ካላወቃችኋት አልፈርድባችሁም። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ስትወርዱ፣ ሞጆንና መቂን አልፋችሁ፣ ዝዋይ ስንላት የኖርነውን ባቱን ለቃችሁ ብዙም ሳትርቁ፣ ሹፌሩ ማርሽ ሳይቀይር የሚያልፋት ከተማ እሷ ናት። አዳሚ በኦሮምኛ ቁልቋል ነው፤ ቱሉ ደግሞ ጉብታ። በልጅነታችን የከተማዋ ትልቁ ትርኢት አስፋልቱ ነበር። የሊጉ ጨዋታ ባለበት ሳምንት ጠዋት፣ ገና ጋሪዎቹ ከውሃ ሳይመለሱ፣ የደጋፊ አውቶቡስ ይጀምራል። ሽቅብ የሚወጡት ሐይቆቹ ናቸው፣ የሐዋሳ ልጆች፤ ሌላ ጊዜ ሲዳማ ቡናዎች። ቁልቁል የሚወርዱት የአዲስ አበባዎቹ፣ ፈረሰኞቹ ጊዮርጊሶች ወይ ቡናማዎቹ ኢትዮጵያ ቡናዎች። ግማሽ ገላቸው በመስኮት ወጥቶ፣ ከበሮው እየተደለቀ፣ ድምፃቸው ተዘግቶም እየዘፈኑ ያልፋሉ። እኛ ዳር ተደርድረን አውቶቡስ እንቆጥራለን። ስድስት ካለፈ ጨዋታው ከባድ ነው፤ ሁለት ብቻ ካለፈ ያው ተራ ጨዋታ ነው። ማታ ሲመለሱ ውጤቱን ለማወቅ ሬዲዮ አያስፈልገንም። ከበሮው ከተመታ አሸንፈዋል፤ መጋረጃው ከተዘጋ ተሸንፈዋል።

እስቲ አስቡት። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ለ90 ደቂቃ ኳስ ብሎ ይህን ያህል ይሄድ፣ በዚያው ሌሊት ይመለስ ነበር። ያው ሰው ሰፈሩ ሲገባ ግን ከቤቱ አራት ኪሎ ሜትር ያለ ሜዳ «እሩቅ ነው» ብሎ ይቀር ነበር። ሰነፍ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ፈርጄበታለሁ! ኋላ ነው የገባኝ። የሐዋሳው መንገድ ራሱ ጨዋታው ነበር፤ ጓደኛው አለ፣ ዘፈኑ አለ፣ ባቱ ላይ ወርደው የሚበሉት የሐይቅ አሳ አለ። አራቱን ኪሎ ሜትር ግን ብቻውን በአቧራ ነው የሚሄደው።

አሜሪካ ያሉትም ወገኖቻችን ያው ናቸው። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ሂዩስተን ላይ ከጀመረ ወዲህ፣ በየዓመቱ ማለት ይቻላል በጁላይ መጀመሪያ ውድድሩን ከከተማ ከተማ ሲያዞር ኖሯል። የሚጫወቱት ቀን ሥራ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ሰው ግን ከአገሩ ዳር እስከ ዳር በአውሮፕላን ይጎርፋል። ስታዲየሙ በዚህ ዓመት እዚህ፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ነው፤ ስለ ወንበሩ ማን ያወራል? ውጭ በድንኳኑ ዙሪያ ከሃያ ዓመት በኋላ አብሮ አደጉን ያገኘ ሰው፣ ውስጥ ስንት ለስንት እንደሆነ ሳያውቅ ይመሻል።

ወደ ሜዳችን ልመልሳችሁ። የድሮው ሜዳችን ሜዳ ከተባለ ነው። አፈሩን የስምጥ ሸለቆ ሰው ያውቀዋል፤ እንደ ዱቄት ነው፣ አንድ ልጅ ካልቾ ሲመታ ኳሷም ልጁም ይጠፋሉ። አንግሉ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ አግዳሚው ገመድ ነው፣ በነፋስ ቀን ይረግባል፤ በረኛው «ከላይ ነው ያለፈችው» ብሎ ይሟገትበታል። አህዮች ያቋርጣሉ። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ አህያ እስኪያልፍ ጨዋታ ያቆማል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሜዳው ይሞላ ነበር። ለምን? ከገበያው ወደ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ነበራ። ሽንኩርት ሸጦ የሚመለስ ያያል፣ በግ ሊሸጥ ሄዶ ያልቀናው ያያል፣ ጋሪ ነጂው ፈረሱን ሳይፈታ ጋሪው ላይ ቆሞ ያያል። ኳስ ሊያይ ብሎ ከቤቱ የወጣ ከእነዚህ ሁሉ ሲሶው አይሆንም። ኳሷ ነች መንገዱ ላይ የጠበቀቻቸው።

የተመልካቹን ብዛት የሚያውቁ አንድ ሴትዮ ነበሩ። ሁላችንም አዴ ነው የምንላቸው። ከማዕዘኑ አጠገብ ጀበና ጥደው ቡና ይሸጣሉ። ነፋሱ ከሜዳው በኩል ስለሚመጣ ከሰሉን ለመከለል ጀርባቸውን ለጨዋታው ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ስንት ዓመት ሙሉ ሜዳው ዳር ተቀምጠው፣ በዓይናቸው ያዩት ጎል ያለ አይመስለኝም። ግን ጠይቋቸው። «ያ የቡልቡላ ከተማ ልጆች የመጡ ጊዜ? ሦስተኛ ጀበና ጥጃለሁ» ይላሉ። «የመቂዎቹ? ኤዲያ፣ አንዱም አላለቀ።» ጎል ሲገባ የሚያውቁት ስኒ ሲሰበር ነው፤ ዋጋውንም ጎል ካገባው ቡድን ደጋፊ ያስከፍላሉ። ትኬት ቆራጭ በሌለበት ሜዳ ከእሳቸው የተሻለ ቆጣሪ ማን አለ?

አሁን ሌላ ከተማ ልውሰዳችሁ። እዚሁ በመንገዳችን ላይ ካሉት አንዷ ናት፤ ስሟን ግን አልጠራም፣ ዘመድ አለኝ። ከተማዋ ስታዲየም ሠራች። ግንብ አጥር፣ የብረት በር፣ ሲሚንቶ ደረጃ፣ ሁሉም አለው። መሬት የተገኘው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ እዚያው ተሠራ። የምረቃው ቀን ቦታ አልነበረም፣ አጥር ላይ ሳይቀር ሰው ተሰቅሏል። በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ። በሦስተኛው ሳምንት ሄጄ ስቆጥር፣ ከሁለቱ ቡድን ተቀያሪዎች ጋር ሰላሳ ሰው አልሞላንም፤ ዘበኛውንና ፍየሎቹን ሳልጨምር። አዲስ ስታዲየም ሲከፈት ሰው ይበዛና ዓመታት ሲያልፉ ይቀንሳል፤ የስፖርት ኢኮኖሚ አጥኚዎች ይህን የጫጉላ ጊዜ ይሉታል። የእኛ ጫጉላ ሦስት ሳምንት ነበር።

ምን ሆነ? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መግቢያው 10 ብር ነበር፣ ርካሽ። ባጃጅ መሄጃ 30፣ መመለሻ 30። ኳሷ 70 ብር ሆነች ማለት ነው። ለዚያውም መመለሻው ላይ ባጃጅ ካገኛችሁ። ጨዋታው 10 ሰዓት ተጀምሮ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ያልቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ይጨልማል፤ መብራት የለም፤ ባጃጆቹም ጨለማውን አይተው ዋጋ ይጨምራሉ። ልጁን ይዞ የመጣ አባት ሁለተኛ አይመጣም። ከዚህ ሁሉ ደግሞ የባሰው፣ ደረጃውን የሠሩት በምሥራቅ በኩል ነው። ሜዳ ሲቀየስ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጋው ፀሐይ በረኛውን እንዳይመታው ነው፤ ጣሪያ ያለው መቀመጫ በምዕራብ የሚሠራው ደግሞ ሰው ከሰዓት በኋላ ፀሐይን ከጀርባው እንዲያደርግ። እዚያ ስታዲየም ሁላችንም ፀሐይን ፊት ለፊት ይዘን፣ እጃችንን ግንባራችን ላይ አድርገን፣ ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ የምንሰጥ ይመስል 90 ደቂቃ ተቀመጥን።

ይህን ታሪክ ቺካጎ ታክሲ ለሚነዳ ዘመዴ በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ። እነሱም ጋ ሆኗል ለካ። ቺካጎ ፋየር የሚባለው ቡድናቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ብሪጅቪው በተባለች የዳር ከተማ 20,000 ሰው የሚይዝ ለኳስ ብቻ የተሠራ ስታዲየም ገባ። ሣሩ ሣር፣ ወንበሩ ወንበር። ባቡር ግን አይደርስበትም። ዓመታት ታገሉና በ2019 ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለከተማዋ ከፍለው ከውሉ ወጡ፤ መሀል ከተማ ወዳለው ትልቅና አሮጌ ስታዲየም ተመለሱ። «እናንተስ በ70 ብር ተማራችሁ» አለኝ ዘመዴ።

ሜዳ ከሰው መራቅ እንደሌለበት ድሮ የፋብሪካ ሰዎች ያውቁ ነበር። ከአዳማ ትንሽ ወረድ ብሎ ወንጂ አለ፤ የሆላንዱ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረበት። መተሐራም ኋላ የመጣ የስኳር ልጅ ነው፤ ቡድኑ ፕሪሚየር ሊግ ድረስ ገብቷል። ሙገር ሲሚንቶም እንደዚያው። ድሬዳዋ ላይ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ያገሪቱ ሻምፒዮን እስከመሆን ደርሷል። ፋብሪካ ቡድን ሲያቋቁም ሠራተኛው ካለበት አይርቅም። ፈረቃ የጨረሰ ሰው ቱታውን ሳያወልቅ ያያል፤ የሚጫወተው በረኛ ጎረቤቱ ነው፣ አማካዩ ትናንት አብሮት ማሽን ላይ ያደረ ነው። ባቱም የአበባ እርሻው ያሠራው ሼር ሜዳ አለ፤ አበባ ስትቆርጥ የዋለች ልጅ ሜዳው ከምትሠራበት ሩቅ አይደለም። ኩባንያ ሲዳከም ቡድኑም አብሮ ይዳከማል፤ ያ ሌላ ወሬ ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆየን።

የሁሉም እናት ግን የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። በጥራት አይደለም፤ ሲሚንቶው ያቃጥል ነበር፣ ሲዘንብ መግቢያ መውጫ አልነበረም። ግን የት ነው ያለው? መስቀል አደባባይና ለገሃር መሀል! በሆዱ ሥር ዙሪያውን ሱቅ ነበር፣ ካፌ ነበር። ከብዙው ሰፈር በአንድ ታክሲ ትደርሳላችሁ፤ አንዳንዱ ሳያስበው ሲያልፍ ጩኸት ሰምቶ ይገባ ነበር። የመቀመጫዎቹን ስም ስሙማ። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ፣ ዳፍ ትራክ። አንዱንም ማዘጋጃ ቤት አላወጣለትም፤ ተመልካቹ ነው ያወጣው። ሰው ስም የሚያወጣው ለቤቱ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ሲቀበል፣ ተመልካቹ ያየው እዚያው ነው። አባቴ ያንን ቀን አይቻለሁ ይለን ነበር። ዕድሜውን ስናሰላ አይገጥምም፤ እናቴ ግን «ተዉት» ትለናለች።

ኋላ ምን መጣ? ኮሮና። የ2012 ዓ.ም. ሊግ መሀል ላይ ተቋረጠ። በ2013 ሲጀመር እንደ ድሮው በሜዳ አስተናግዶ ከሜዳ ውጭ ሄዶ መጫወት ቀረና፣ ሁሉም ቡድን አንድ ከተማ ላይ ተሰብስቦ ጥቂት ሳምንት እየተጫወተ ወደ ሌላ ከተማ ማለፍ ጀመረ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። በሚቀጥለው ዓመት አዳማም ገባች፤ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ሊጉን ተቀበለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሳተላይት ቴሌቪዥኑ ዲኤስቲቪ የጨዋታውን ስርጭት ገዝቶ ነበር፤ ካሜራ የሚቆምበት፣ ኳሷ በትክክል የምትሽከረከርበት ሜዳ ያለው ከተማ ደግሞ በጣት ይቆጠራል። የሊጉ ሰዎች ጥራት ያለበት ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ ያ የቴሌቪዥን ገንዘብ ለክለቦቹ እስትንፋስ ነበር።

እኔ ግን አዳሚ ቱሉ አስፋልት ዳር ቆሜ አውቶቡስ ጠበቅኩ። አንድም አላለፈም። ሐይቆቹ ድሬዳዋ ናቸው፣ ፈረሰኞቹም እዚያው ናቸው፤ ማን ወደ ማን ይሂድ? ከታች ያሉት ሊጎችም እንደዚያው ሆኑ። ከፍተኛ ሊጉ ምድብ ምድቡን ይዞ አንድ ከተማ ላይ ይከትማል። ተጫዋቹ አምሳና ስልሳ ቀን ሆቴል ያድራል፣ እናቱ ግን ልጇን በሜዳ አታየውም። ትንሽ ከተማ ቡድን የምታቆመው እኮ በሁለት ሳምንት አንዴ ራሷን ሜዳ ላይ ለማየት ነው። አዳማ ላይ ሊጉ በነበረ ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ። አዳማ ከተማ ሲጫወት ሰው አለ። ኢትዮጵያ ቡና ሲሆን በፈጣኑ መንገድ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ቡናማና ቢጫው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ከሩቅ የመጡ ሁለት ቡድኖች ይገባሉ። የተጫዋቹ ትንፋሽ ከመቀመጫ ይሰማል። ያማረ ሜዳ፣ አረንጓዴ፣ መስመሩ እንደ ኖራ የነጣ፤ አሠልጣኙ «ውጣ! ውጣ!» ሲል የገደል ማሚቶው ይመልስለታል።

ብሔራዊ ቡድኑማ ይባስ ብሎ ከአገርም ወጣ። የአዲስ አበባው ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ፣ የባሕር ዳሩን ደግሞ የአፍሪካው እግር ኳስ አስተዳዳሪ ካፍ መስፈርቴን አያሟላም ብሎ በ2014 መጀመሪያ ከለከለው። ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ «በሜዳችን» አስተናገድን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ አሁንም «በሜዳችን» ገጠምን። ያን ቀን ባቱ ውስጥ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ። የመጀመሪያውን ጎል ዳዋ ሆቴሳ አገባ። ዳዋ ያኔ የአዳማ ከተማ ተጫዋች ነበር! ቤቱ ተነሳ፣ አግዳሚው ወንበር ተገለበጠ፣ አስተናጋጁ ትሪውን ጣለ። ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨመረ፣ 2 ለ 0 አለቀ። ግብፅን! ስክሪኑ ላይ ግን ካሜራው ወደ መቀመጫው ዞር ሲል የሚታየው ባዶ ወንበር ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ሰንደቃችንን የለበሱ ጥቂት ሰዎች ይዘላሉ። አጠገቤ የነበረ ሽማግሌ «ይህ ጎል አዲስ አበባ ቢሆን ካታንጋ ይናድ ነበር» አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

እዚህ ድረስ ስታዳምጡኝ ቦታ ብቻ ነው ዋናው፣ ጥራት ትርፍ ነገር ነው የምል መስሏችሁ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ስል ኖሬ እህቴ ናት አፌን ያስያዘችኝ። ስለ ድሮው ሜዳችን፣ ስለ አህያው፣ ስለ ገመዱ ስተርክ ሁሉም ይስቃል። እሷ አልሳቀችም። «መቼ አየኸኝ እዚያ ሜዳ?» አለችኝ። አሰብኩ። መቼም። «ሽንት ቤት የለውም፣ የምቀመጥበት የለውም፣ ወንዶቹ አጥሩ ሥር ቆመው ይሸናሉ፣ ጎል ሲገባ ይረጋገጣሉ። ሞላ የምትለው ግማሹን ሰው ቤት ትተህ ነው።» የምመልሰው አጣሁ። እስከዛሬም የለኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ የተሞላ ሜዳ ሳይ ዓይኔ የሚቆጥረው ሌላ ነገር ሆኗል።

ወጣቱንም ተመልከቱት። ከእኛ ሜዳ ጋር ተመልካች የሚሻማው የጎረቤት ከተማ ሜዳ አይደለም፤ ዲኤስቲቪ ቤቱ ነው። መሀል ከተማ ነው፣ ጣሪያ አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ሻይ አለው፣ አርሴናልና ማንቸስተር እንደ ምንጣፍ በተነጠፈ ሣር ላይ ይጫወታሉ። ያንን አይቶ የወጣ ልጅ የእኛ አማካይ አቧራ ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ ቢስቅ ይፈረድበታል? በረኛችን ጎበዝ ነበር፤ ግን ጠጠር ላይ የነጠረችን ኳስ ማን ይገምታል? ልጁ ያየው ስህተቱን ነው፤ ጠጠሩን አላየም።

ባለፈው ሰሞን አዳሚ ቱሉ ሄድኩ። የልጆች ውድድር ነበር፣ ቀበሌ ከቀበሌ። የድሮው ሜዳ ሲሶው ቤት ተሠርቶበታል፤ የቀረው ጠቧል፣ ማዕዘን ሲመታ መቺው የሰው ግቢ በር ላይ ነው የሚቆመው። ሌላ ሜዳ ሊሰጠን ነው ይባላል፣ ሰፊ፣ አጥር ያለው። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከእርሻው ወዲያ። ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። ሣር ይተከላል ተብሏል።

አዴ አሉ፣ አርጅተዋል፤ ጀርባቸው አሁንም ወደ ሜዳው ነው። ጉንጫቸውን ሳምኩና አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ጀበና ተጥዷል። ከኋላችን ጩኸት ተነሳ፣ አንድ ስኒ ተገልብጦ ተሰበረ፤ ማን እንዳገባ ሳይዞሩ ጠየቁ፣ ነገርኳቸው። የተሰበረውን በእግራቸው ገፋ አደረጉና አንዱን ልጅ ሒሳቡን እንዲይዝ በአገጫቸው ጠቆሙት።

ጨዋታው ሲያልቅ ከሰል ሻጩ በጋሪው መጣ። ለሚቀጥለው እሁድ ግማሽ ኩንታል ሊያወርድላቸው ከጋሪው ወረደ። አዴ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እሁድ የሚጫወቱት እዚሁ ነው ወይስ ማዶ?»